በሻንጣዬ ውስጥ የቀረው የተማሪ ደብተር

መነሻ ጽሑፍ

በበጎ ፈቃደኝነት ለአምስት ወር እንግሊዝኛ ሳስተምር ከቆየሁበት አገር ከተመለስኩ አሥራ አንድ ቀን ሆኖኛል፤ ሻንጣዬን እስከ ታች የፈታሁት ግን ትናንት ነው። ተማሪዎቼ ለስንብት በእጃቸው ሠርተው ከሰጡኝ ካርዶች መካከል ሰማያዊ ሽፋን ያለው መልመጃ ደብተር ወጣ። የአንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው። በመጨረሻው ሳምንት ድርሰት ጽፋ እንዳርምላት ሰጥታኝ ነበር፤ እኔም ነገ አርመዋለሁ፣ ነገ አርመዋለሁ ስል ከካርዶቹ ጋር ጠቅልዬ ይዤው መጣሁ። ድርሰቱ ገጽ ተኩል ነው። ከግርጌው፣ ከርዕሱ ጋር ምንም የማይገናኝ አንድ ጥያቄ በእርሳስ ተጽፎ አገኘሁ፤ ልጅቱ የሚቀጥለው መምህር እንደገና ከቀለማት ስም ይጀምር እንደሆነ ትጠይቃለች።

ጥያቄው ወዲያው አልገባኝም። ነገሩ ግልጽ የሆነልኝ ከእኔ በፊት ሦስት በጎ ፈቃደኞች በዚያው ክፍል ማስተማራቸውን ሳስታውስ ነው። ሁላችንም፣ ልጆቹ ምን እንደሚያውቁ የሚነግረን ስላላገኘን፣ ወይም እውነቱን ለመናገር ስላልጠየቅን፣ ከሰላምታ፣ ከቀለማትና ከአካል ክፍሎች ነበር የጀመርነው። በመጨረሻው ቀን የስድስተኛውን ምዕራፍ ፈተና መስጠት ሲገባኝ ሁለቱ ክፍለ ጊዜዎች በሽኝቱ አለቁ። መጻሕፍቱን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆለፍኩ፤ ተዘፈነ፣ ፎቶ ተነሳን፣ አለቀስኩ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ደብተሩን አርሜ ልላከው ወይስ እንዳለ ልመልሰው? እናንተስ ማስተማሩን ጨርሳችሁ ስትመለሱ በምን ሁኔታ ነበር የተለያያችሁት?

ከዚህ መነሻ ጽሑፍ በታች የተከተለው የምላሾች ክር ስለረዘመና ጥቂት ምላሾችም በኋላ በጸሐፊዎቻቸው ስለተሰረዙ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ ይረዳ ዘንድ እያንዳንዱን በየቁጥሩ በራሴ ቃል እተርካለሁ። በክሩ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምላሽ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ እንኳን በሰላም ተመለስሽ ካለች በኋላ፣ ደብተሩን አርሜ ከአጭር ደብዳቤ ጋር በቀጥታ ለልጅቱ እንድልክላት መከረችኝ። በእሷ አስተያየት ነገሩ ከዚህ የበለጠ የሚያስጨንቅ አልነበረም። ክሩ በዚህ ቢቆም ኖሮ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ምላሽ 2

ሁለተኛው መላሽ ምክሩን በትሕትና አረመው። ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ የሚላክ ነገር ሁሉ በትምህርት ቤቱ በኩል ማለፍ እንደሚገባው፣ ደብዳቤውም ቤተሰብና መምህራን ሊያነቡት በሚችሉበት መንገድ መጻፍ እንዳለበት አስረዳ። ከዚያም እኔ ያላየሁትን አሳየኝ። ከመነሻው ጽሑፍ ጋር በለጠፍኩት የደብተሩ ፎቶ ላይ የልጅቱ ሙሉ ስም፣ የክፍል ቁጥሯና የትምህርት ቤቷ ማኅተም በግልጽ ይነበቡ ነበር። ፎቶውን ወዲያው አነሳሁት። ቃሉ ለስላሳ ቢሆንም ጆሮዬ ድረስ ነው የቀላሁት።

ምላሽ 3 እና 4

ሦስተኛዋ መላሽ ስለ ደብተሩ ያነሳችው ነገር አልነበረም፤ ያሳሰባት የእኔ ሁኔታ ነው። ከእንዲህ ያለ ጉዞ ሲመለሱ የራስ ቤት እንግዳ ቤት መስሎ መታየቱ የተለመደ እንደሆነ፣ ለዚህም ሳይንሳዊ ማብራሪያ እንዳለው ጻፈች። ካለርቮ ኦበርግ የተባለው የሥነ ሰብእ ምሁር፣ ሰው ወደ ባዕድ አገር ሲሄድም ሆነ ሲመለስ ስሜቱ የላቲኑን ደብልዩ ፊደል ቅርጽ ይዞ እንደሚወርድና እንደሚወጣ አሳይቷል ስትል ገለጸች።

አራተኛው ይህን አልተቀበለም። ኦበርግ በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ የባህል ድንጋጤን በአራት ደረጃዎች እንደከፈለው፣ እነሱም መጀመሪያ ላይ ያለው መደመም፣ ቀውሱ፣ ማገገሙና መላመዱ እንደሆኑ፣ ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የሚመለከተው በባዕድ አገር ያለውን ቆይታ ብቻ መሆኑን ዘረዘረ። የመልሱን ጉዞ ጨምረው ደብልዩውን የሠሩት ጆንና ጂን ጉላሆርን ናቸው፤ ጊዜውም 1963 ነው። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ ብዙ ሰው ይህን ቅርጽ ተከትሎ እንደማይሄድ ማሳየታቸውን አከለበት። በአሥራ አንደኛው ቀን ያለቀስኩት ደብልዩው ስላዘዘኝ አለመሆኑን ማወቄ ትንሽ አጽናንቶኛል።

ምላሽ 5

አምስተኛው መላሽ ሰላምታም አላቀረበም። ያጠፋሁት ደብተሩን መያዜ ሳይሆን ከመነሻው መሄዴ እንደሆነ፣ የማስተማር ሥልጠና የሌለው ሰው በራሱ አገር ክፍል ውስጥ እንዲቆም የማይፈቀድለት ሆኖ ሳለ፣ በሌላው አገር ሲቆም በጎ ሥራ መባሉ ነውር እንደሆነ ጻፈ። ማስረጃ ያደረገው የማኅበረሰብ ሃያሲው ኢቫን ኢሊች በሚያዝያ 1968 በሜክሲኮዋ ኩዌርናቫካ ከተማ ያደረገውን ንግግር ነው። ኢሊች፣ ወደ ሜክሲኮ መንደሮች ለበጎ ፈቃድ ሥራ ለመሄድ ለተዘጋጁ አሜሪካውያን ተማሪዎች፣ ለማየት፣ ለመማርና በተራሮቹ ላይ ለመውጣት እንዲመጡ፣ ለመርዳት ግን እንዳይመጡ ፊት ለፊት ነግሯቸው ነበር። መላሹ ይህን ከጠቀሰ በኋላ፣ እኔም አምስት ወር ሙሉ ቀለማት ከማስተምር አንድ ወር የሰዎቹን ቋንቋ ብማር ይሻለኝ እንደነበረ በመጻፍ አበቃ።

ቁጣው የተጋነነ መስሎኝ መልስ መጻፍ ጀምሬ ነበር። ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፣ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት፤ ስለ ሥልጠናው የተናገረው ልክ ነበርና።

ምላሽ 6 እና 7

ስድስተኛዋ መላሽ ለእኔ ተሟገተች። ሁሉንም በአንድ ሚዛን መመዘን ስሕተት እንደሆነ፣ ለምሳሌ በጎ ፈቃደኞችን ወደ ሌሎች አገሮች የሚልከውን የአሜሪካ መንግሥት የሰላም ጓድ ለማቋቋም ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ትእዛዙን በመጋቢት 1961 ከፈረሙ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጋና የገቡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ለሁለት ዓመት ሊያስተምሩ የተላኩ መምህራን እንደነበሩ አስታወሰች። ዛሬም የአገልግሎቱ ዘመን ሥልጠናውን ጨምሮ 27 ወር ነው፤ ከዚህም ወደ ሦስት ወር የሚጠጋው ቋንቋና የሥራ ዝግጅት ነው። ስለዚህ ኢሊች የተቆጣበት የአጭር ጊዜ ጉዞና ይህ አንድ እንዳልሆኑ ተከራከረች።

ሰባተኛው ሁለቱንም አላስደሰተም። ጅማሬውን ከ1961 መቁጠር ትክክል እንዳልሆነ፣ አሌክና ሞራ ዲክሰን በብሪታንያ ቪኤስኦ የተባለውን የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት የመሠረቱት በ1958 መሆኑን፣ የመጀመሪያዎቹ ተላኪዎችም ገና ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ወጣቶች እንደነበሩ ጻፈ። ድርጅቱ ከጊዜ በኋላ በሙያቸው የሠለጠኑና ልምድ ያላቸውን ሰዎች ወደ መላክ መዞሩ፣ የአምስተኛውን መላሽ ቅሬታ ባለቤቶቹ ራሳቸው ቀድመው እንደተረዱት የሚያሳይ መሆኑንም ጠቆመ። እኔን በሚመለከት ግን ስድስተኛዋ ያቀረበችው መከላከያ እንደማይሠራ መጥቀሱን አልረሳም፤ አምስት ወር ከ27 ወር ይልቅ ለሁለት ሳምንት ይቀርባል።

ምላሽ 8

አንድ ሰው በመሃል ገብቶ የደብተሩ ክብደት ስንት ግራም እንደሆነ ጠየቀ። ወረቀት ብቻ ያለበት ፖስታና ሌላ ዕቃ የያዘ ጥቅል የሚከፈልባቸው በተለያየ ሂሳብ እንደሆነ፣ ዕቃ ካለበትም የጉምሩክ ቅጽ መሙላት እንደሚያስፈልግ አስረዳ። ማንም አልመለሰለትም። እኔ ግን ደብተሩን መዘንኩት፤ 90 ግራም ሆነ።

ምላሽ 9

የክሩ ድምፅ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ዘጠነኛዋ መላሽ ከሌላኛው ወገን የመጣች ናት፤ በልጅነቷ በአራት ዓመት ውስጥ ስድስት የውጭ በጎ ፈቃደኞች አስተምረዋታል። ሁሉም ደጎች እንደነበሩ፣ ሁሉም ሲሄዱ እንዳለቀሱ ጻፈች። ከሦስተኛው ሽኝት ጀምሮ ግን ክፍሉ ሥርዓቱን በቃሉ አጥንቶት ነበር። ማንም ሳያዝ ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ይጠጋሉ፤ ካርድ የሚሠሩት ልጆች ሳይነገራቸው ይቀመጣሉ፤ የክፍሉ አለቃ ደግሞ የወረቀቱን ጌጥ እንዳይቀደድ ተጠንቅቆ አውርዶ፣ ለሚቀጥለው መምህር ሽኝት እንዲሆን በካርቶን ያስቀምጠዋል። እንባው ሐሰት እንዳልነበረ፣ ነገር ግን ልጆቹ ማን መቼ ማልቀስ እንዳለበት ማወቃቸውን፣ መምህራኑ ግን ይህን እንደማያውቁ ተረከች። ስድስተኛው መምህር ሲመጣ፣ የቀለማቱን ስም ጥያቄ ሳይጨርስ ክፍሉ በአንድ ድምፅ እስከ መጨረሻው ዘረዘረለት፤ እሱም ልጆቹ ፈጣኖች ናቸው ብሎ ተደሰተ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ካርዶቼን አውጥቼ እንደገና ተመለከትኳቸው። በሁለቱ ላይ ከስሜ ሥር የተፋቀ ሌላ ስም አለ።

ምላሽ 10

አሥረኛው መላሽም የቀድሞ ተማሪ ነው፤ የዘጠነኛዋን ታሪክ ሳይክድ የራሱን በአጭሩ አስቀመጠ። ለአንድ የትምህርት ዘመን ብቻ የቆየች በጎ ፈቃደኛ መዝገበ ቃላት እንዴት እንደሚገለጥ፣ ከፊደል ተራው እስከ አነባበብ ምልክቱ ድረስ እንዳስተማረችው፣ ከእሷ በኋላ መምህር ባጣባቸው ወራት በዚያ ብቻ እንደተማረ ጻፈ። የአባቷን ስም እንኳ አያውቀውም። ስለ ሽኝቷም የሚያስታውሰው የለም።

ምላሽ 11

አሥራ አንደኛዋ መላሽ በመጋቢት 2020 ከወጡት አንዷ ነበረች። ያን ጊዜ የሰላም ጓድ በወረርሽኙ ምክንያት በ60 ያህል አገሮች የነበሩትን 7,000 ገደማ በጎ ፈቃደኞቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አስወጥቷል፤ በታሪኩ እንዲህ ያለ ነገር ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር። መልእክቱ የደረሳት ማታ ሲሆን በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ መኪና ላይ ነበረች። ትምህርት ቤቱ ዝግ ስለነበረ ከአንድም ተማሪ ጋር አልተሰናበተችም፤ ሰሌዳው ላይ የዓርቡ ቀንና ያልተጠናቀቀ ዓረፍተ ነገር ቀርተዋል።

ለወራት ያሠቃያት ይህ አለመሰናበት እንደነበረ አልሸሸገችም። ከዓመት በኋላ ግን አብራት ታስተምር የነበረችውን ባልደረባዋን በስልክ ስታገኛት፣ ትምህርት ቤቱ በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ያንኑ ዓረፍተ ነገር ጨርሰው ወደሚቀጥለው ማለፋቸውን ነገረቻት። ሁለቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የትምህርቱን ዕቅድ በአንድ ደብተር ላይ ይጽፉ ስለነበር የተቋረጠ ነገር አልነበረም። መላሿ፣ የተነፈገችው ስንብት ለእሷ እንጂ ለክፍሉ እንዳልነበረ ያወቀችው ያን ዕለት መሆኑን ጻፈች። ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው።

ምላሽ 12 እና 13

ከዚያ ወሬው ወደ ስልክ ዞረ። አሥራ ሁለተኛው መላሽ ከተመለሰ በኋላ ለስምንት ወራት በየማታው የተማሪዎቹን መልእክት ሲመልስ ከቆየ በኋላ፣ ሥራ ሲያገኝ በአንድ ጊዜ ማቆሙን ተናገረ፤ ምን ማድረግ ይገባው እንደነበረም ጠየቀ። አሥራ ሦስተኛዋ፣ ጥፋቱ በማቆሙ ሳይሆን በመጨረሻው ቀን እመለሳለሁ ብሎ ቃል በመስጠቱ እንደሆነ በጠንካራ ቃላት መለሰችለት። ልጆች እንዲህ ያለውን ቃል ቀን እየቆጠሩ እንደሚይዙት፣ ትልቅ ሰው ግን ልቡ ሲነካ የሚወረውረው ነገር መሆኑን አስከትላ፣ እንዲህ ያለ ሰው ለልጆች ጠንቅ ነው እስከ ማለት ደረሰች። አሥራ ሁለተኛው በዚህ ተቀይሞ ምላሹን ሰረዘው፤ ታሪኩ እዚህ የተገኘው እኔ ቀድሜ ስላነበብኩት ነው።

ምላሽ 14 እና 15

አሥራ አራተኛው መላሽ የአሥራ ሦስተኛዋን ሐሳብ አጠናክሮ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2019 መጨረሻ ስለ ሕፃናት መብት ባሳለፈው ውሳኔ፣ በሕፃናት ማሳደጊያዎች የሚካሄድ የበጎ ፈቃድ ጉብኝት የሚያደርሰውን ጉዳት መጥቀሱን አስታወሰ። ሰው ሲመጣና ሲሄድ የሚለምዱት፣ ወዲያውም የሚያጡት ልጆች ጉዳታቸው የከፋ መሆኑን አስረዳ። የተናገረው እውነት ነው፤ ግን የኔ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ወጥተው ወደ ወላጆቻቸው ቤት የሚገቡ ናቸው። ይህንኑ አንድ ሦስት ሰው ሊያስረዳ ሲሞክር ነገሩ ወደ ዘለፋ ስለተቀየረ፣ አወያዩ በምላሽ 15 ገብቶ፣ ሰው የራሱን ጥፋት ጽፎ ባመጣበት ቦታ ዘለፋ እንደማይፈቀድ አሳሰበና ወደ ደብተሩ እንድንመለስ ጠየቀን።

ምላሽ 16

ወደ ደብተሩ የመለሱን አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እኔን የጠሩኝ ልጄ ብለው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ምንም ማለሳለሻ አልነበረውም። መነሻውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ እንዳነበቡት፣ በውስጡ ተማሪዎች፣ ካርዶች፣ ዘፈንና እንባ እንዳገኙ፣ ከእኔ በፊት በዚያ ክፍል ያስተምር የነበረውን፣ ከእኔም በኋላ የሚያስተምረውን የአገሩን መምህር ግን በአንድ መስመር እንኳ እንዳላገኙት ጻፉ። አምስት ወር ሙሉ የሚጠየቅ ሰው አጥቼ ከሆነ፣ እንዲያ ያለ ትምህርት ቤት በዕድሜያቸው አይተው እንደማያውቁ አከሉ።

ቀጥለውም ርክክብ ምን ማለት እንደሆነ አስረዱኝ። መጽሐፉ የት ገጽ ላይ እንደቆመ መጻፍ ቀላሉ ሥራ ነው። የተማረው ሁሉ አልተያዘምና፣ ተምረውት ያልያዙት የትኛው እንደሆነ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ማን አንብቦ ይረዳል ግን አይናገርም፣ ማን ከማን አጠገብ ሲቀመጥ ይሠራል፣ የትኛው መልመጃ ከሽፎ ተትቷል፣ ያልተሰጠው ፈተና የትኛው ነው የሚለው ሁሉ ይጻፋል። ይህ ከመለያየት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ተጀምሮ፣ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ትምህርቶች ተረካቢው እያስተማረ በጎ ፈቃደኛው ከኋላ ተቀምጦ ሊያይ ይገባል። ሽኝት ማድረግ ጥሩ እንደሆነም አልካዱም፤ ግን ከክፍለ ጊዜ ውጭ።

ምላሽ 17

አሥራ ሰባተኛው ምላሽ የራሴ ነው፤ ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። መምህሯ እንደነበረች አመንኩ። ያንን ትምህርት በዚያ ትምህርት ቤት ለስድስት ዓመት ያስተማረች ናት፤ እኔ ስመጣ ክፍሏን ለቀቀችልኝና ከኋላ ተቀምጣ የሌሎች ክፍሎችን ደብተር ታርም ጀመር። የተናገርኩት ለተማሪዎቹ ካልገባቸው፣ ቀና ሳትል በቋንቋቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ታስረዳቸውና ወደ እርማቷ ትመለሳለች። እኔ በማጠቃለያ ሪፖርቴ ላይ ረዳት መምህርት ብዬ ጽፌያታለሁ። የሽኝቱን ፎቶዎች ዛሬ አንድ በአንድ ባያቸው ስድሳ ሦስት ናቸው፤ እሷ በአንዱም ውስጥ የለችም፤ ካሜራውን የያዘችልኝ እሷ ነበረችና። ያን ማታ ለእሷ ደብዳቤ ጻፍኩ። በመምህሩ ዝርዝር መሠረት የማስታውሰውን ሁሉ አሰፈርኩ፤ ሦስት ገጽ ሞላ። የረሳሁት ከዚያ እንደሚበልጥ እየጻፍኩ ታወቀኝ።

ምላሽ 18 እና 19

አሥራ ስምንተኛዋ መላሽ፣ ደብተሩን ለማረም ቸኩዬ ገጹን በቀይ ቀለም እንዳላጥለቀልቀው ለመነችኝ። የቋንቋ ትምህርት ምሁሩ ጆን ትረስኮት በ1996 በሁለተኛ ቋንቋ ጽሑፍ ላይ የሰዋስው እርማት አይጠቅምም፣ እንዲያውም ሊቀር ይገባል ብሎ ብዙ መምህራንን ማስቆጣቱን፣ ዳና ፌሪስ በ1999 እርማቱ ተመርጦና ግልጽ ሆኖ ከቀረበ ይጠቅማል ብላ መመለሷን፣ ክርክሩም እስከ ዛሬ መቀጠሉን ተረከች። የእሷ አቋም በመካከል ነው፤ ከሁሉም ዓይነት ስሕተት ሁለቱን ብቻ መርጦ ማሳየት። እኔ የልጅቱን ገጽ ተኩል ስቆጥር ሃያ ሰባት ስሕተት አገኘሁ፤ አሥራ ስድስቱ ያለፈ ጊዜ ግስ ናቸው። ቀለማቱን ሁሉ ግን በትክክል ጽፋቸዋለች።

አሥራ ዘጠነኛው መላሽ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ልጅቱ ጥያቄዋን በእርሳስ ከጻፈች እኔም በእርሳስ እንድመልስላት።

ምላሽ 20

መልስ ከመምህሯ ከመጣ ሦስት ቀን ሆኖታል፤ አጭር ነው። የስድስተኛው ምዕራፍ ፈተና እኔ በሄድኩ በሦስተኛው ቀን ተሰጥቷል፤ አሁን ሰባተኛው ላይ ናቸው። ያለፈ ጊዜ ግስ ለዚያ ክፍል እንደሚከብድ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ታውቃለች፤ ከሦስት ገጼ ለእሷ አዲስ የሆነላት ሁለት ልጆች አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ እንደሚሠሩ የጻፍኩት ብቻ ነው። ልጅቱ ሌላ ደብተር ስለገዛች አሮጌው ሲመቸኝ ቢላክ ይደርሳል። የሚያስቸኩለው ሌላ ጉዳይ ነው። ቁም ሳጥኑ ከሽኝቱ ቀን ጀምሮ እንደተቆለፈ ነው፤ አርባ አንዱም መጽሐፍ በውስጡ አለ፤ ምንባቡን ከእሷ መጽሐፍ በየቀኑ ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ነው የምታስተምረው። ቁልፉን የት እንዳስቀመጥኩት ትጠይቃለች።

በሽኝቱ ዕለት የለበስኩት ጃኬት የውስጥ ኪስ ውስጥ አገኘሁት። በልጅቱ ጥያቄ ሥር ምዕራፍ ሰባት ብዬ በእርሳስ ጽፌያለሁ፤ ደብተሩና ቁልፉ አብረው ነገ ይሄዳሉ። በምላሽ 8 ስለ ክብደት የጠየቁት ሰው አሁንም ይህን ክር የሚከታተሉ ከሆነ፣ ቁልፍ ሲጨመርበት 104 ግራም ሆኗል፤ የጉምሩኩ ቅጽ ላይ የዕቃው ዓይነት በሚለው ቦታ ምን ተብሎ እንደሚሞላ ቢነግሩኝ አመሰግናለሁ።